ለአንድ ምስል ስምንት ቢሊዮን ስሌት

ወረታ ተወልጄ ያደግሁ፣ ባሕር ዳር ፊዚክስ የተማርሁ፣ እንጀራዬን በኮምፒውተር ሥራ የምበላ ሰው ነኝ። ከሥራ በተረፈኝ ሰዓት ሆሎግራም አሰላለሁ፤ ጥልቀት ያለው፣ የሚንቀሳቀስ የብርሃን ምስል። ላቦራቶሪ የለኝም። ያለኝ ግራፊክስ ካርድ የተገጠመለት ላፕቶፕ፣ ካረጀ ፕሮጀክተር የወጣ ኤልሲዲ ፓነል፣ አረንጓዴ ሌዘርና ነጭ ወረቀት ነው። ሥራው ግን በዕቃ እጦት አይደለም የሚከብደው፤ በስሌት ብዛት ነው። ከዚህ በታች ያለው ስሌቱን ለማፍጠን ስታገል የጠቀመኝ ነገር ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ለማያውቀው በአጭሩ። ፎቶግራፍ የሚይዘው ብርሃኑ የቱ ጋ ምን ያህል እንደደመቀ ብቻ ነው። ሆሎግራም ግን ከዕቃው የተነሣው የብርሃን ሞገድ ከሌላ ንጹሕ ሞገድ ጋር ሲገጥም የሚፈጥረውን ደማቅና ጨለማ መስመር ይይዛል። በዚያ መስመር ላይ ሌዘር ሲያርፍበት ከዕቃው ተነሥቶ የነበረው ሞገድ ተመልሶ ይወጣል። ሐሳቡን በ1947 ያመጣው ዴኒስ ጋቦር ነው፤ በ1971 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። በ1966 ብራውንና ሎማን መስመሩን በኮምፒውተር አስልተው አወጡት። ከዚያ ወዲህ ዕቃው በእጅ መኖሩ አስፈላጊ አይደለም፤ ቅርጹ በቁጥር ከታወቀ ይበቃል።

1. መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ

ኮድ ከመክፈቴ በፊት የሥራውን ስፋት በእጅ መቁጠርን ልማድ አድርጌዋለሁ። ፓነሌ 1024 በ768፣ ማለትም 786,432 ፒክስል አለው። የማሳየው የበሬ ራስ 10,000 ነጥብ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ወደ እያንዳንዱ ፒክስል ብርሃን ይልካል። ስለዚህ ለአንድ ፍሬም 7,864,320,000 ጊዜ ርቀት መለካት፣ ኮሳይን ማውጣት፣ መደመር ያስፈልጋል። በሰከንድ 25 ፍሬም ከተባለ ወደ 197 ቢሊዮን ይደርሳል። ርቀቱ ራሱ ስኩዌር ሩት አለበት።

ይህ እንግዲህ ለትንሿ ፓነል ነው። የፒክስሎቼ ርቀት 14 ማይክሮሜትር ያህል ስለሆነ በ532 ናኖሜትር አረንጓዴ ብርሃን ምስሉ የሚወጣበት ማዕዘን 2.2 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ከ30 ሴንቲሜትር ላይ የጥፍር ስፋት ያህል ምስል ማለት ነው። ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ገደማ እንዲሆን ፒክስሉ ወደ 1 ማይክሮሜትር መውረድ አለበት። 10 ሴንቲሜትር በ10 ሴንቲሜትር የሆነ እንዲህ ያለ ሰሌዳ 10 ቢሊዮን ፒክስል ይኖረዋል። በ10,000 ነጥብ ሲባዛ ለአንድ ፍሬም መቶ ትሪሊዮን ነው። ፊልም ላይ የምናየው ዓይነት ሆሎግራም እስካሁን ሳሎናችን ያልገባው ሰው ሳያስብበት ቀርቶ አይደለም።

ይህን ከቆጠርሁ በኋላ ፈጣን ኮምፒውተር የመግዛት ምኞቴ በረደ። እጥፍ የሚፈጥን ካርድ ቢመጣ ሥራውን በሁለት ያካፍልልኛል። እኔ የምፈልገው በሺህ የሚያካፍል ነው፤ እሱ ደግሞ ከገበያ አይገኝም።

2. የማይታይ ነጥብ ይውጣ

በሬው የፎገራ ነው፣ ያ አጭርና ሹል ቀንድ ያለው ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር። በስልክ ዙሪያውን ፎቶ አንሥቼ ከፎቶዎቹ ቅርጹን በፕሮግራም አወጣሁ። ባለቤቱ ትንሽ ተመለከቱኝና፣

«ልጄ፣ ልትገዛው ነው እንዴ እንዲህ የምትዞረው?» አሉኝ።

«የለም አያ፣ መልኩን ብቻ ልወስድ ነው።»

«መልኩንማ ውሰድ፤ ማረሻ እስካልተሸከመልህ ድረስ ምን ያደርግልሃል?»

መልኩን መውሰዱም ቀላል አልነበረም። ተኝቶ ሲያመሰኳ እንኳ ጆሮው አያርፍም፤ ዝንብ በነካው ቁጥር ስለሚያራግበው ከፎቶዎቹ የወጣው ቅርጽ በአንድ በኩል ሁለት ጆሮ ነበረው። ትርፉን በእጅ ቆርጬ አወጣሁት።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። እንዲህ የተሰበሰቡ ነጥቦች ወዲያ ማዶ ያለውን ጉንጭና ከአንገት ኋላ ያለውን ሁሉ ይዘዋል። በስሌቱ ውስጥ ነጥብ ነጥብን አይከልልም፤ ሁሉም ያበራል፤ ስለዚህ የማዶው ጉንጭ በዚህኛው ጉንጭ አልፎ ይታያል። ከፊት የሚታዩትን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን መጣል ከግማሽ በላይ ሥራ ይቀንሳል፤ ምስሉም መስታወት መምሰሉ ይቀርና በሬ ይሆናል። ፍጥነትና ጥራት አንድ ላይ የሚገኙበት አጋጣሚ ብዙ ስላልሆነ ሁልጊዜ ከዚህ እጀምራለሁ። ማዕዘኑ 2.2 ዲግሪ በሆነ ፓነል ላይ ማን ዞሮ ከጎን ሊያይ?

3. ከሩቅ ከመጣል በቅርብ መሰብሰብ

ከተማርሁት ሁሉ የበለጠውን ለውጥ ያመጣው ይህ ነው፤ ስለዚህ ቆየት ብዬ ልንገረው።

አንድ ነጥብ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ቢልክም ፓነሉ ሊይዘው የሚችለው ከ1.1 ዲግሪ ግማሽ ማዕዘን የማያልፈውን ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው መስመር ከፒክስሉ የቀጠነ ስለሆነ ቢሰላም ውሸት ምስል ይፈጥራል እንጂ አይጠቅምም። ስለዚህ እያንዳንዱ ነጥብ ፓነሉ ላይ የሚያርፍበት የራሱ ክብ አለው፤ ከክቡ ውጭ ማስላት አያስፈልግም። ጥሩ ዜና ይመስላል፤ ግን ነጥቡ 30 ሴንቲሜትር ርቆ ከሆነ የክቡ ራዲየስ 5.7 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ከፓነሉ ሁለት ሦስተኛውን ይሸፍናል። ትርፉ ትንሽ ነው።

ጃፓናዊው ቶሞዮሺ ሺሞባባና ባልደረቦቹ በ2009 ያሳተሙት መላ ይህንን ክብ ያጠብበዋል። በዕቃውና በፓነሉ መካከል፣ ግን ዕቃው አፍንጫ ሥር፣ የሌለ ሰሌዳ እንዳለ ይታሰባል። መጀመሪያ የነጥቦቹ ሞገድ በዚያ የሐሳብ ሰሌዳ ላይ ይሰበሰባል። ነጥቡ ከሰሌዳው 1 ሴንቲሜትር ብቻ ከራቀ ክቡ 14 ፒክስል ገደማ ራዲየስ አለው፤ ውስጡ 600 የማይሞላ ፒክስል ነው። 10,000 ነጥብ ቢሆን 6 ሚሊዮን አይሞላም። ከስምንት ቢሊዮን ወደ ስድስት ሚሊዮን! ከዚያ የሐሳብ ሰሌዳው ሞገድ በሙሉ በአንድ ጊዜ፣ በፈጣን ፎሪየር ትራንስፎርም፣ 30 ሴንቲሜትር ያህል ተጉዞ ፓነሉ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። ኩሊና ተኪ በ1965 ያወጡት ይህ ትራንስፎርም ዛሬ በየስልካችን ውስጥ የማይሠራበት ሰዓት የለም።

ትራንስፎርሙ ነጻ አይደለም። ጠርዝ ላይ ሞገዱ ተጠቅልሎ እንዳይመለስ ሰሌዳው በሁለቱም አቅጣጫ በእጥፍ መስፋት አለበት፤ 2048 በ1536 ይሆናል። ሄዶ መመለሱ ሲደመር ወደ 140 ሚሊዮን የሚጠጋ ስሌት ይወስዳል። ጠቅላላው ግን ከመጀመሪያው አምሳ እጥፍ ያነሰ ነው። እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር ይታያል፦ አብዛኛው ጊዜ የሚሄደው ለትራንስፎርሙ ስለሆነ ነጥቡን ከ10,000 ወደ 100,000 ባሳድገው ሥራው አሥር እጥፍ አይጨምርም፤ በግማሽ እንኳ አይጨምርም። በሬው ቅንድብ ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

4. ግራፊክስ ካርድ ደቦ ነው

በእኛ በፎገራ ሜዳ የሩዝ አረም የሚታረመው በእጅ ስለሆነ ሰው ይጠራራል። ሃምሳ ሰው ማሳ ውስጥ ሲገባ ሥራው በሃምሳ የሚከፈለው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው። እያንዳንዱ የራሱን መስመር ይዞ ሌላውን ሳይነካ መሄድ አለበት። መስመሩ እኩል መራመድ አለበት፤ አንዱ ሲዘገይ ሁሉም ይቆማል። ጠላውም በገንቦ ማሳው ዳር መምጣት አለበት፤ እያንዳንዱ እየተመላለሰ ከቤት ጠጥቶ ከመጣ ቀኑ በመንገድ ያልቃል።

በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ሠራተኞች ያሉት ግራፊክስ ካርድም እንዲሁ ነው። ሥራውን በነጥብ ካከፋፈልሁት ሁለት ሠራተኞች አንድ ፒክስል ላይ ለመደመር ይጋፋሉና ወረፋ ይያዛል። በፒክስል ካከፋፈልሁት ግን ሁሉም በራሱ ፒክስል ላይ ይደምራል፤ ማንም ማንን አይጠብቅም። በኤንቪዲያ ካርድ ሠራተኞቹ 32 እየሆኑ በአንድ እርምጃ ይሄዳሉ፤ በመካከላቸው «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ» የሚል መንታ መንገድ ካለ ሁሉም ሁለቱንም መንገድ ይጠብቃሉ። ጠላው ደግሞ የነጥቦቹ መረጃ ነው፤ ከሩቁ ሚሞሪ አንድ ጊዜ ቀድቶ ለቡድኑ ቅርብ ሚሞሪ ላይ ማስቀመጥ ነው። እኔ ያየሁት ትልቁ የፍጥነት ልዩነት የመጣው ከስሌቱ ሳይሆን ከዚህ መመላለስ ነው።

5. ሙሉ ቁጥሩ አይጠቅምም

ይህ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው። 30 ሴንቲሜትር ውስጥ 532 ናኖሜትር ሞገድ ወደ 563,910 ጊዜ ይገባል። ለምስሉ የሚያስፈልገው ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረችው ሽርፍራፊ ናት፤ ሞገዱ ፒክስሉን ሲነካ ጫፉ ላይ ነው ወይስ ሸለቆው ላይ? ተራው 32 ቢት ተንሳፋፊ ነጥብ (ፍሎቲንግ ፖይንት) ቁጥር 24 ቢት ብቻ ነው በትክክል የሚይዘው። በዚህ መጠን ላይ ሲደርስ እርምጃው 1/16 ዑደት ይሆናል። ርቀቱ 1 ሜትር ቢሆን 1/8። ምስሉ ሻካራ ይሆናል፣ ምንም ስሕተት የሌለበት ኮድም ስሕተት ያለበት ይመስላል።

ወደ 64 ቢት ማለፍ ቀላል መልስ ይመስላል፤ በተራ የጨዋታ ካርዶች ላይ ግን የ64 ቢት ስሌት ከ32 ቢቱ 1/32 ወይም 1/64 ፍጥነት ነው ያለው። የሚሻለው የየነጥቡን ቋሚ ርቀት ለይቶ አንድ ጊዜ ብቻ በ64 ቢት አስልቶ ሙሉውን ጥሎ ሽርፍራፊውን መያዝ ነው። ይህ ለአንድ ፍሬም 10,000 ስሌት ብቻ ስለሆነ ከቁጥር አይገባም። የቀረው፣ ፒክስሉ ከመሐል በመራቁ የሚጨምረው ርቀት፣ ፓነሉ ጥግ ላይ እንኳ 251 ዑደት ያህል ነው፤ እዚያ ላይ የ32 ቢቱ እርምጃ 1/65,536 ይሆናል። ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ከዚህም አልፎ ኢንቲጀር መጠቀም ይቻላል። አንድ ሙሉ ዑደት 32 ቢቱን በሙሉ ይሙላ ቢባል ከዚያ ያለፈው በራሱ ይፈስሳል፤ ሙሉ ቁጥሩን መጣል ያለ ዋጋ ይመጣል። ከአንዱ ፒክስል ወደ ቀጣዩ ሲኬድ ርቀቱ ላይ የሚታከለው ጭማሪ ራሱ የሚያድገው በቋሚ ልክ ስለሆነ ስኩዌር ሩቱም ማባዛቱም ቀርቶ መደመር ብቻ ይበቃል። ሺሞባባና ቶሞዮሺ ኢቶ በ2001 ይህንን ለሃርድዌር የሚመች አድርገው አውጥተውታል።

6. የሥራው ዘመድ ሌላ ሙያ ውስጥ ሊሆን ይችላል

ኢቶ ወደ ሆሎግራም የመጣው ከከዋክብት ነው። ቀድሞ የሠራው ግሬፕ በተባለው የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ላይ ነበር፤ ያ ኮምፒውተር እያንዳንዱ ኮከብ ሌላውን እያንዳንዱን ኮከብ የሚስብበትን ኃይል ከማስላት ሌላ ሥራ አልነበረውም። ከዚያ አንድ ነገር ታየው፦ ኮከብ ከኮከብ ጋር፣ ነጥብ ከፒክስል ጋር፣ ሁለቱም ርቀት እየለኩ መደመር ናቸው። ሆርን የተባሉትን የሆሎግራም ማስያ ማሽኖች ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ተራ በተራ አወጣ፤ ስምንተኛው በ2018 በኔቸር ኤሌክትሮኒክስ መጽሔት ወጣ። ስለ ሆሎግራም የተጻፈ ሲጠፋኝ ስለ ስበት የተጻፈ ኮድ እያነበብሁ ብዙ ተምሬያለሁ።

7. የድሮ መላ ከድሮ ማሽኑ ጋር ይነበብ

በ1993 ማርክ ሉሴንቴ በኤምአይቲ ለእያንዳንዱ ነጥብ የሚወጣውን መስመር አስቀድሞ አስልቶ በሰንጠረዥ አስቀመጠ፤ ከዚያ ማንበብ ብቻ ሆነ። ለዚያ ዘመን ግሩም ነበር፤ ማስላት ውድ ነበርና። ዛሬ ግን ካርዱ ኮሳይንን በራሱ ሃርድዌር ያወጣል፤ ሰንጠረዡን ከሩቅ ሚሞሪ እስኪያመጣ ደጋግሞ ማስላት ይችላል። ስለዚህ ጽሑፍ ሳነብ ዓመቱን አያለሁ።

8. ቪዲዮ ሲሆን የተለወጠው ብቻ

ሞገድ ይደመራል፤ ይቀነሳልም። በሬው ጆሮውን ብቻ ካነቃነቀ የጆሮውን የድሮ ነጥቦች ከሆሎግራሙ ቀንሶ አዲሶቹን መደመር ይበቃል። የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች ኪምና ባልደረቦቹ በዚህ መንገድ ብዙ ሠርተዋል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ በተንሳፋፊ ነጥብ ቁጥር ሲደመርና ሲቀነስ ጥቂት ጥቂት ዝቃጭ ይቀራል፤ ከብዙ ፍሬም በኋላ ምስሉ ይደፈርሳል። በኢንቲጀር ከሆነ የተደመረው ልክ እንደተደመረ ይወጣል። ካሜራው ራሱ ሲንቀሳቀስ ግን ሁሉም ነጥብ ይለወጣልና ይህ መላ አይሠራም።

9. ፍጥነት የሚለካው ማሽኑ ከሞቀ በኋላ ነው

መጋቢትና ሚያዝያ በፎገራ ሜዳ ቀኑ ይከብዳል። ወረታ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩም ስስ ነው፤ ስስ አየር ሙቀት የሚወስደው በደካማው ነው። ላፕቶፕ ሲግል ራሱን ለማዳን ይዘገያል። ማለዳ የተለካ ኮድ ቀትር ላይ ከተለካው ይፈጥናል፤ ያሻሻልሁት መስሎኝ የምደሰትበት ምክንያት የሰዓቱ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማሽኑን አስቀድሜ አሠርቼ፣ አግዬ፣ ሁለቱንም ኮድ እያፈራረቅሁ ነው የምለካው። መብራት ሲጠፋ ባትሪ ላይ የሚሠራ ካርድ ፍጥነቱ ሌላ ስለሆነ ያን ጊዜ የወጣውን ቁጥር አልመዘግበውም።

በ2023 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወዲህ ደግሞ የምፈልገውን መመሪያና ላይብረሪ ሁሉ በሃርድ ዲስክ አስቀምጣለሁ። በሩቅ ሰርቨር ላይ የተመሠረተ ሥራ እዚህ ሜዳ ላይ አያስተማምንም።

10. ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት

በማርች 2021 ሊያንግ ሺ፣ ቮይቼክ ማቱሲክና ባልደረቦቻቸው ከኤምአይቲ በኔቸር ያሳተሙት ሥራ ይጠቀሳል። 4,000 ጥንድ ምስልና ሆሎግራም አሳይተው ያሠለጠኑት ኔትወርክ ከ620 ኪሎባይት ያነሰ ነው፤ በአንድ ተራ ግራፊክስ ካርድ ላይ 1920 በ1080 የሆነ ባለቀለም ሆሎግራም በሰከንድ 60 ጊዜ ያወጣል፤ አይፎን 11 ፕሮ ላይ እንኳ በሰከንድ አንድ ያወጣል። አከብረዋለሁ። ግን ያንን 4,000 ጥንድ ለማዘጋጀት መጀመሪያ በፊዚክሱ ትክክለኛውን ማስላት ነበረባቸው። ኔትወርኩ የሠለጠነበት የሞገድ ርዝመት፣ የፒክስል ርቀትና ጥልቀት የፓነሌ አይደለም፤ የኔን ለማሠልጠን ያንኑ ስሌት ልሠራ ነው። ጀማሪ ከዚያ ይጀምር የሚለውን ምክር የማልቀበለው ለዚህ ነው። ነጥብ በነጥብ አስልቶ የማያውቅ ሰው ኔትወርኩ ሲዋሸው በምን ያውቃል?

11. ማሳያው ላይ ስለሚጠብቀው

ፓነሉን ያገኘሁት ከጥገና ቤት ነው። ሦስት ኤልሲዲ ያለበት ፕሮጀክተር ሲከፈት መሐሉ ላይ የመስታወት ፕሪዝም አለ፤ በሦስት ጎኑ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንዳንድ ፓነል ቆሟል። ሪባን ገመዱ ከተቀደደ ፓነሉ ሞተ ማለት ነው። ጠጋኙ «ወንድሜ፣ አምፖሉ የሞተውን ምን ልታደርገው ነው?» እያለኝ ነው በርካሽ የሰጠኝ። ለሆሎግራም ተብለው የሚሠሩት ማሳያዎች በሺህ ዶላር ነው የሚሸጡት።

እንዲህ ያለ ፓነል የሚያደርገው ማደብዘዝና ማድመቅ ብቻ ስለሆነ ከምስሉ ጋር ሁለት ያልተጠራ እንግዳ ይመጣል፦ መሐል ላይ የምትቀር ደማቅ ነጥብና በተቃራኒው በኩል የምትፈጠር መንታ ምስል። ምስሉን ከመሐል ወደ ጎን ማሸሽ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ያችን ጠባብ ማዕዘን በግማሽ ይበላል። ሌዘሩን ፊት ለፊት ማየት ዓይን ስለሚጎዳ ምስሉን የማየው በነጭ ወረቀት ነው። ወረቀቱን ከ29 ሴንቲሜትር ተኩል ወደ 30 ተኩል ቀስ ብዬ ሳርቀው መጀመሪያ አፍንጫው ይጠራል፣ ቀጥሎ ግንባሩ፣ በመጨረሻ ቀንዱ ይጠራና አፍንጫው ይደበዝዛል። ጥልቀቱ እውነተኛ መሆኑን የማረጋግጠው በዚህ ነው።

የቀሩት ሁለት ፓነሎች ገመዳቸው ደኅና ነው፤ ቀለሙ የሚቀጥለው ሥራ ነው። በቀለም ሲሆን ስሌቱ በሦስት ይባዛል፤ ማዕዘኑም ለየሞገዱ ይለያያል። ቀዩ 650 ናኖሜትር ቢሆን 2.7 ዲግሪ ያህል ይወጣል፣ 450 ናኖሜትሩ ሰማያዊ ግን 1.8 ብቻ። ሦስቱ እንዲገጥሙ የበሬው ራስ በሰማያዊው ልክ ማነስ አለበት። ቀይ ሌዘር በቀላሉ ይገኛል፤ ሰማያዊውን ባሕር ዳር ስሄድ እጠይቃለሁ።